ፓኒክ አታክ ሲመጣ ምን ይደረግ? እንዳይመለስስ?

የመጀመሪያው ሲመጣብኝ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ እየሄድኩ ነው። የግንቦት ሙቀት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ። በአንድ ጊዜ ልቤ ደረቴን ሰብሮ ሊወጣ ሆነ። ትንፋሽ አጠረኝ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬን ውርር አደረገኝ። መንገዱ፣ ሰዉ፣ ድምፁ ሁሉ የራቀ መሰለኝ። በቃ ሞትኩ አልኩ። ባለባጃጁን «አቁምልኝ!» ብዬ ወረድኩና ዛፍ ስር ሻይ የሚሸጡ እናት አጠገብ ልወድቅ ደረስኩ።

እሳቸው አልጮኹም። ሰው አልሰበሰቡም። ዱካቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «አብሽር ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ዝም አሉ። በሌላ እጃቸው ሻያቸውን መቅዳት ቀጠሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። ላብና ድካም ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞርኩ። አንዱ ጨጓራ ነው አለኝ። ሌላው «ነርቭ ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ደሜን አስመርምሮ፣ ልቤን በኢሲጂ (የልብን ምት ወረቀት ላይ በሚያወጣ ምርመራ) አይቶ፣ ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አናገረኝ። «ልብህ ጤነኛ ነው። ያንተ ፓኒክ አታክ ይባላል» አለኝ። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ማለት ነው። እኛ ሰፈር «ጭንቅ አለኝ»፣ «አፈነኝ»፣ «ባር ባር አለኝ» ስንል ብዙ ጊዜ ይሄንኑ ነው የምናወራው።

ያን ጊዜ ማንም ያልነገረኝን አሁን ልጻፍላችሁ። ፓኒክ አታክ ጉልበቱን የሚያገኘው ስንሸሸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ላለመሸሽ የሚረዱ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ተመርመሩ፣ ግን አንዴ

ይሄን እርምጃ አትዝለሉት። ፓኒክ አታክ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ደም ማነስ ትንፋሽ ያሳጥራል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይፈራል፣ ይንቀጠቀጣል። አስምም አለ፣ የልብ ምት መዛባትም አለ። ስለዚህ የኢሲጂ፣ የደም ማነስ፣ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ድሬ ያላችሁ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ያላችሁ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ብትሄዱ መጀመሪያ ይሆናችኋል።

ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶችን ለይታችሁ እወቁ። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም። ደረጃ ስትወጡ ወይም ዕቃ ስትሸከሙ የሚነሳና ስታርፉ የሚተው ሕመም። ራስን መሳት። የከንፈር መጥቆር። የአንድ ጎን እጅና እግር መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር። ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነና እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቅ ሰውም «ፓኒክ ነው» ብሎ ራሱን አያክም። ጫት እየቃመ ደረቱን ያመመው ሰውም እንደዚሁ። ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ እውነተኛ የልብ ሕመምም ሊያመጣ ይችላል።

በእኛ አገር ሙቀትም አለ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ ውኃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ልቡ ቢደልቅ፣ ቢያዞረው፣ ራሱን ቢያመው ጥላና ውኃ ነው የሚያስፈልገው። ሰውነቱ እሳት ሆኖ መቀባዠር ከጀመረ ደግሞ በውኃ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ተመርምራችሁ ጤነኛ ከተባላችሁ ግን እዚያ ላይ አቁሙ። እኔ ከተነገረኝ በኋላ እንኳ አራት ጊዜ ኢሲጂ ተነስቻለሁ። አንዱ ወረቀት ሁለት ቀን ያረጋጋኛል። በሦስተኛው ቀን «ተሳስተው ቢሆንስ?» እላለሁ። ደጋግሞ መመርመር፣ በየደቂቃው የደም ሥር እየያዙ ምት መቁጠር፣ ማታ ማታ ስልክ ላይ ስለ ልብ ድካም ማንበብ፣ እነዚህ ሁሉ ፍርሃቱን ይቀልቡታል።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ይሄን ክፍል ሳታነቡ አትለፉት። እኔን ከመድኃኒት በላይ የረዳኝ የሚሆነውን ነገር ማወቄ ነው።

ሐረር ውስጥ፣ በምሽት፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በጨለማ ስትሄዱ ጅብ ድንገት ፊታችሁ ቢቆም ምን ትሆናላችሁ? የሐረር ልጆች ለምደውት «ወራባ ነው» ብለው ያልፉ ይሆናል። እንግዳ ሰው ግን ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ጭኑ ይሞቃል፣ ላብ ይለዋል። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ተለቋል ማለት ነው። ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ተዘጋጀ። ይሄ ጤና ነው። ያለዚህ አባቶቻችን አንድ ሌሊት አያድሩም ነበር።

በፓኒክ አታክም የሚለቀቀው ያው ነው። ልዩነቱ ጅቡ የለም። ዙሪያችንን ብናይ ምንም የለም። አእምሮ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ድልቂያ ምክንያት ይፈልጋል። ውጭ ሲያጣ ወደ ውስጥ ዞሮ «ልቤ ነው፣ ሊቆም ነው፣ ላብድ ነው» ይላል። ይሄ ሐሳብ ራሱ አዲስ ጅብ ይሆናል። አድሬናሊን ይጨመራል፣ ልብ ይብስበታል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1986 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይሄንን ዙር ነው። ሰውየውን የሚያስፈራው ምልክቱ ራሱ ሳይሆን ለምልክቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው።

የጣትና የከንፈር መደንዘዝስ? በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ እናስወጣለን። እሱ ሲቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። አየር ያጠረን ይመስለናል እንጂ እንዲያውም የምንተነፍሰው በዝቷል። «ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» ለምትሉም፦ ሰው ራሱን የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው። ፓኒክ ላይ ግፊት ከፍ ነው የሚለው። ደም ሲያይ የሚወድቅ ሰው ካልሆነ በቀር ፓኒክ ሰውን እምብዛም አይጥልም።

ጊዜውም አጭር ነው። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። የድሬ ሰው ደቻቱን፣ ከተማውን የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ፣ ያውቃል። እዚህ ጠብታ ሳይጥል፣ ላይ በደጋው ዘንቦ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ውኃ ድንገት ይደርሳል። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ አሸዋ ነው። ልዩነቱን ግን በግልጽ ልናገር። ደቻቱ ገድሏል፣ የ1998ቱን ጎርፍ ማንም የድሬ ሰው አይረሳውም። ፓኒክ አታክ ግን በራሱ አይገድልም።

ሲመጣ ምን እናድርግ?

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሁሉንም ባታስታውሱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቃሉ።

1. ስሙን ጥሩት። በድምፅ ወይም በልባችሁ፦ «ይሄ ፓኒክ ነው። አውቀዋለሁ። ያልፋል።» ቀላል ይመስላል። ግን ስም ያለው ነገር ስም ከሌለው ያነሰ ያስፈራል።

2. ካላችሁበት አትሩጡ። እየነዳችሁ ከሆነ ዳር ይዛችሁ አቁሙ። መንገድ መሐል ከሆናችሁ ወደ ጥላ ጠጋ በሉ። ከዚያ ውጭ ባላችሁበት ቆዩ። ቤተ ክርስቲያን ከሆናችሁ እዚያው፣ መስጊድ ከሆናችሁ እዚያው፣ ሰልፍ ላይ ከሆናችሁ ሰልፉ ላይ። ሮጣችሁ ከወጣችሁ በርግጥ ይቀላችኋል። ግን አእምሯችሁ «ያዳነኝ መውጣቴ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ገና ስትገቡ ይጀምራችኋል።

3. ትንፋሹን አውጡ። ብዙ ሰው «በደንብ ተንፍስ» ሲባል በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል። ይሄ ያባብሰዋል። ሥራው ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ በቀስታ አውጡ። ሆዳችሁ እንጂ ደረታችሁ አይነሳ። እጃችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጉና እዩት። ፌስታል ወይም የወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚባለውን ተዉት። ችግሩ የልብ ወይም የአስም ከሆነ አደጋ ነው።

መቁጠር የሚያስጨንቀው ሰው ጸሎት ይጠቀም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን በአንድ ረጅም የሚወጣ ትንፋሽ ማለት፣ ጣት ላይ እየቆጠሩ መቀጠል። ሙስሊም ወንድሞቼ «ሱብሃነላህ»ን በተስቢሕ እንደዚሁ ያደርጉታል። ሳትቸኩሉ፣ ቃሉ ከትንፋሹ ጋር እስኪያልቅ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት መርምሮ ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ እንደሚያወርድ አይቷል። አያቶቻችን ስሌቱን ሳያውቁ ይጠቀሙበት ነበር ማለት ነው።

4. የጨበጣችሁትን ልቀቁ። ትከሻ ጆሮ ላይ ወጥቶ ይሆናል፣ አውርዱት። ጥርስ ነክሳችሁ ይሆናል፣ ፍቱት። ሁለቱን እጆች በኃይል ጨብጡ፣ እስከ 5 ቁጠሩ፣ ፍቱ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ቀዝቃዛ ውኃ ካለ ፊታችሁንና የእጃችሁን አንጓ አርጥቡ።

5. ዓይናችሁን ወደ ውጭ አዙሩ። የምታዩትን አምስት ነገር፣ የምትዳስሱትን አራት፣ የምትሰሙትን ሦስት፣ የምታሸቱትን ሁለት፣ የምትቀምሱትን አንድ ጥሩ። እኔ ከዚራ ላይ የማደርገው እንዲህ ነው። ሰማያዊ ባጃጅ። የዛፉ ግንድ። የግድግዳው የተላጠ ቀለም። የሴትዮዋ ብርቱካናማ ሻሽ። የወደቀ ቅጠል። ከዚያ የዱካው ጠርዝ፣ የሱሪዬ ኪስ፣ ቁልፌ፣ የእግሬ ስር መሬት። ከዚያ አዛን፣ ጡሩምባ፣ የሻይ ማንኪያ። ሽታው ቡናና አቧራ ነው። ምላሴ ላይ ያለው የደረቀ ምራቅ ነው፣ እሱም ይቆጠራል።

6. ይምጣ በሉት። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለመደው። «ልቤ ከፈለግክ ጨምር፣ እኔ እዚሁ ቁጭ ብያለሁ» ማለት ነው። ለማቆም መታገሉን ስትተዉ ፍርሃቱ የሚቀልበው ነገር ያጣል። እኔ ከስድስተኛ ወይም ከሰባተኛው ጊዜ በፊት አልቻልኩም። አንዴ ሲሆን ግን ሳልታገለው በራሱ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ በኋላ የነበረው ፍርሃት የቀድሞውን ግማሽ እንኳ አልሆነም።

7. ሲያልፍ ወዲያው ቤት አትግቡ። ደክሟችሁ ይሆናል፣ ልታለቅሱም ትችላላችሁ፣ ችግር የለውም። ውኃ ጠጡ። ከዚያ የጀመራችሁትን ጨርሱ። ሽንኩርት ልትገዙ ከነበረ ሽንኩርቱን ግዙ።

አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲይዘው

የእኛ ሰው ደግ ነው፣ ግን ይከባል። አንድ ሰው «አመመኝ» ካለ በአንድ ደቂቃ ሃያ ሰው ይቆማል። አንዱ ክብሪት ያሸታል፣ አንዱ ውኃ ይደፋል፣ አንዱ «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ለታመመው ሰው ይሄ ሌላ ጅብ ነው። ሰውን በትኑ። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ቆማችሁ ከላይ አትዩት። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። «አይዞህ፣ አለሁ፣ ያልፋል» በቂ ነው። «ምንም አልሆንክም» አትበሉት፣ ሆኗል። «ከእኔ ጋር ተንፍስ» ብላችሁ እናንተው ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ እሱ ይከተላችኋል። ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። የማታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ የልብ፣ የስኳር ወይም የአስም ሕመም እንዳለበት ጠይቁ።

ቤተሰብ ጸበል ወይም ሩቅያ ልውሰድህ ቢል አትጣሉ። እኔ እናቴን እምቢ አላልኳትም። ጸሎቱም ሰላም ሰጥቶኛል፣ የሐኪሙን ቀጠሮም አላስቀረሁም። የማልስማማው ሰውን ማሰርና መምታት፣ ወይም መድኃኒት ማስጣል ላይ ብቻ ነው።

እንዳይመለስ

ድሬና ሐረር ላይ ስለ ጭንቀት የሚጽፍ ሰው ስለ ጫት ሳያወራ ቢያልፍ አንባቢውን እየሸነገለ ነው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው የአወዳዩን ትኩስ የሚፈልገው። አድሬናሊንን የመሰለ ሥራ ሰውነት ውስጥ ይሠራል። ልብ ይመታል፣ ግፊት ይወጣል፣ ላብ ይመጣል። ምርቃናው ደስ እያለ ሳለ ይሄ አይታወቅም። ፓኒክ የለመደ ሰው ግን ያን ድልቂያ «መጣ!» ብሎ ይተረጉመዋል፣ እውነትም ይመጣል። የእኔ የመጀመሪያው ለምን በ9 ሰዓት ተኩል እንደመጣ በኋላ አስቤ ገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን እስከ ሌሊት ቅሜያለሁ። ጠዋት ኢጃባና (የሐራራ መስበሪያ ጫት) ቅሜያለሁ። ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቻለሁ። ምሳ አልበላሁም።

ማንንም ለመስበክ አልፈልግም። በርጫ እዚህ ወዳጅነት ነው፣ ሽምግልና ነው፣ ሥራም ነው። ማቆም የምትችሉ አቁሙ፣ ፓኒክ ላለበት ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። በአንዴ ያልቻላችሁ ግን እንደ እኔ ጀምሩ። መጀመሪያ ኢጃባናውን ቆረጥኩ። ቀጥሎ ሳልበላ መቃምን። ቀጥሎ ከጫት ጋር ቡናና ለስላሳ መደራረብን። ከዚያ መጠኑን በየሁለት ሳምንቱ አሳነስኩ። በመጨረሻ ቀኖቹን፣ በሳምንት አንድ እስኪደርስ። ከዚያ ራሱ ተወኝ። ሐራራው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያስቸግራል። ያደክማል፣ ያበሳጫል፣ እንቅልፍ በእንቅልፍ ያደርጋል። ፓኒክ ተመለሰ ብላችሁ አትደንግጡ።

ሌሊት ደረታችሁ ላይ ሰው የተቀመጠ እየመሰላችሁ የምትነቁ፣ ዱካክ የምትሉትም፣ መጀመሪያ የቀኑን መቃም እዩ። ፓኒክ ራሱ ግን ከእንቅልፍ ሊቀሰቅስ ይችላል። ተነሡ፣ መብራት አብሩ፣ እግራችሁን ቀዝቃዛ መሬት ላይ አድርጉና ያንኑ ትንፋሽ ጀምሩ። ሰዓት አትዩ።

ምርቃናን በጨብሲ መስበር ሌላው ወጥመድ ነው። አልኮል ማታ ያረጋጋል፣ ከደም ሲወጣ ግን ጠዋት ጭንቀቱን አባብሶ ይመልሰዋል። ለመተኛት ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ዲያዜፓም የሚገዙም አሉ። ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፣ ከአልኮል ጋር ደግሞ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ቀድማችሁ ስትወስዱት የቆያችሁ ከሆነ በድንገት አትቁረጡት፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችሁ።

ቡና? የሐረርን ሰው ቡና ተው ማለት አልችልም። አንድ ስኒ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከሰዓት በፊት። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፣ የማታው ሦስተኛ እንቅልፋችሁን ይነካል። ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል የሚፈላው ሆጃና ሻይም ካፌይን እንዳላቸው አትርሱ።

የቀረው ቀላል ነው፣ ግን ይሠራል። በሰዓቱ ብሉ። ውኃ ያዙ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ፣ ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ። መራመዱ ሌላም ጥቅም አለው። ልባችሁ ሲመታና ላብ ሲላችሁ ምንም ሳትሆኑ ስትቀሩ ሰውነታችሁ ይማራል። ትንፋሹንም ደህና ስትሆኑ ተለማመዱት፣ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ። ዋና የሚለመደው ጎርፍ ሲመጣ አይደለም።

ሕክምናው

በሳምንት ከአንዴ በላይ የሚይዛችሁ ከሆነ፣ «መቼ ይይዘኝ ይሆን» እያላችሁ ከቤት መውጣት ከተዋችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። የመጨረሻው ከሆነ ዛሬውኑ፣ ከሰው ጋር። «እብድ» ይሉኛል ብላችሁ አትዘግዩ።

ሁለት ነገር ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አንዱ ንግግር ነው፣ ሐሳብንና ልማድን የሚያስተካክል ሕክምና። ሌላው መድኃኒት ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ያለ። መድኃኒቱ በሁለት ቀን አይሠራም። ሳምንታት ይፈልጋል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ጭንቀቱ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጥለው። ለሐኪሙ ጫት እንደምትቅሙ በግልጽ ንገሩት፣ አትፈሩ። ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ።

የሸሻችሁትን መመለስ

እኔ ከባጃጁ በኋላ ባጃጅ ተውኩ። ቀጥሎ ሚኒባስ። ቀጥሎ ሐረር መሄድ፣ እህቴ እዚያ አግብታ እያለች። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ግን ደንገጎ ላይ ያለው ዳገትና ኩርባ ሲታሰበኝ እጄ ያልበኝ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ቢይዘኝ ማን ያወርደኛል?

እንዲህ ነው የተመለስኩት። ወረቀት ላይ የሸሸሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ሰጠሁ። ባጃጅ በአንድ ፌርማታ 3። ከሳቢያን እስከ ከዚራ 5። መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳይሄዱ መውረድ 4። እስከ ደንገጎ 8። ሐረር 10። ከትንሹ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ፍርሃቱ ግማሽ እስኪሆን ደጋገምኩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። መጀመሪያ ወንድሜ አብሮኝ ሄደ፣ ቀጥሎ ብቻዬን። ውኃ፣ ኪኒን፣ ስልክ ሳልይዝ እስክሄድ ድረስ፣ ምክንያቱም እነሱም መሸሻ ይሆናሉ። ሦስት ወር ፈጀ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ።

ቤት ውስጥም ምልክቶቹን ሆን ብሎ ማምጣት ይቻላል። ባላችሁበት ቆማችሁ አንድ ደቂቃ መሮጥ፣ ልብ እስኪደልቅ። ወንበር ላይ መሽከርከር፣ እስኪያዞር። ከዚያ ምንም ሳያደርጉ እስኪወርድ መጠበቅ። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና ካለ ያለ ሐኪም አይሞከርም።

ሐረር የሄድኩ ቀን ሆን ብዬ ከኋላ፣ መስኮት ከሌለው በኩል፣ መሐል ተቀመጥኩ። ደንገጎ ሁለተኛው ኩርባ ላይ መጣ። ልቤ፣ ጣቴ፣ ከንፈሬ፣ ሁሉም እንደ ድሮው። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ብርቱካን እየላጡ ነበር። «ወራጅ» የሚለውን ቃል አፌ ላይ አድርሼው ዋጥኩት። ልጣጩን ማየት ጀመርኩ። ሳይቆረጥ፣ እየተጠመጠመ፣ ረዥም ሆኖ ጉልበታቸው ላይ ወረደ። አሸተትኩት። አስወጣሁ፣ 6። አስወጣሁ፣ 6። አዛውንቱ አንድ ፍሬ ገምሰው ሰጡኝ። ዐለማያ ስንደርስ በልቼ ጨርሼ ነበር።